ደጃፍ ላይ የቆመችው ጀልባ

አንድ ጀልባ የገዛ ሰው ነበረ። የምነግርሽን ጻፊ እንጂ ልጄ ምንታምር፣ ምን ታዪኛለሽ? «በገዛ ደጃችን ምን ብናቆም ሰፈሩን ምን አገባው?» ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ አይደለሽ? ይሄው መልሴ።

ሰውዬው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ጀልባዋን በተጎታች ጭኖ ሲያመጣት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ «እሰይ» አለው። ግን የግቢው በር ጠበባት። ከነተጎታቿ ደጁ ላይ ተዋት።

የሰፈሩ ደንብ ደግሞ ማንም ሰው መንገድ ላይ ከሦስት ቀን በላይ ዕቃ እንዳያቆም ይከለክላል። ሁሉም ፈርሞበታል፤ እሱም ፈርሟል። መጀመሪያ እሁድ እሁድ ሐይቅ ይወስዳት ነበር። በኋላ ሰለቸው። ላስቲክ አለበሳትና ተዋት፤ የጎረቤት ዶሮ ገብታ እንቁላል ታቀፈችባት።

ፊት ለፊቱ የሚኖረው የእድሩ ዳኛ አንድ ቀን መጣ።

«ምነው ወንድሜ፣ ሐይቁ ወደኛ እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው?»

«ደጄ ላይ ናት። የማንን እግር ረገጠች?»

«የማንንም። መንገዱ ግን ባዶ መሆን አለበት።»

«ባዶ መንገድ ደግሞ ምን ይሠራል?»

ዳኛው ትቶት ሄደ። ሰውዬው ግን እልህ ያዘው። ገፍተው እንዳያነሱብኝ ብሎ የተጎታቹን ጎማዎች ፈታና ገጠር ላለው ወንድሙ ለጋሪ ላካቸው። ጀልባዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። «እስቲ አሁን ይንኳት!» አለ። ማንም አልነካት።

በዚያው ክረምት፣ አንድ ማለዳ፣ እናቱ አረፉ።

ጥሩምባው ተነፋ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን፣ ቋሚውን፣ አግዳሚ ወንበሩን ተሸክመው መጡና ቆሙ። ያካፋል። ድንኳኑ የሚዘረጋው በሩ ፊት ነው፤ በሩ ፊት ደግሞ ጀልባዋ አለች።

አንዱ በሹክሹክታ «የት እንትከለው?» አለ።

«ታች ሜዳው ላይ።»

«የሳቸውን ልቅሶ? ከደጃቸው ውጪ?»

ሰውዬው ሰማ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ድንኳን ውስጥ ሲያጽናኑ የኖሩ እናቱ፣ የራሳቸው ድንኳን መትከያ አጣ። ሮጦ ሄዶ ጀልባዋን በትከሻው ገፋት። ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ገፋት። ጭቃው አንሸራተተውና በጉልበቱ ወደቀ። ከቤት የሴቶቹ ለቅሶ ይሰማል፤ ለቀስተኛው ደግሞ ዝናብ ላይ እየበዛ ነው።

ያኔ የእድሩ ዳኛ ወደ ራሱ አጥር ሄደ። አንዱን እንጨት ነቀለ። ሁለተኛውን ነቀለ። ሌሎቹም ገብቷቸው አገዙት። አጥሩ ሲከፈት ሠላሳ ወንድ ጀልባዋን ከድንጋዩ ላይ አንስቶ የዳኛው ጎመን ላይ አስቀመጣት። ድንኳኑ ተተከለ። እማማ በወጉ ተለቀሰላቸው።

ከሠልስት በኋላ ሰውዬው ከዳኛው ፊት ቆመና «አጥርህን አፈረስኩብህ፤ ጎመንህንም ፈጀሁብህ» አለ። ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ዳኛውም፣ «ጎመን መልሶ ይበቅላል፤ እማማን ግን ሁለቴ አንሸኛቸውም» አለው።

እንግዲህ ልጄ፣ ባልሽ ደጅ ላይ ልገትራት የሚላት ያቺ አልጋ ያላት ተጎታች ቤት ይቺው ጀልባ ናት። የሰፈራችሁን ደንብ ያወጡት ሰዎች ደግሞ እንደ ዳኛው ናቸው። ባዶ ሲሆን የማንም ያልሆነ ይመስልሻል መንገዱ። «የማንም አይደለም እንዴ?» ትዪኝ ይሆናል። ዛሬ የማንም አይደለም፤ ነገ ግን ሠርግ ወይ ልቅሶ ለገባበት ቤት ነው። ያ ቤት የማን እንደሚሆን ደግሞ አንቺም እኔም አናውቅም። ስለዚህ ደጄን ከለከሉኝ አትበይ፤ ላንቺው እየጠበቁልሽ ነው።