ንጉሡና የወፍጮ ቤቱ ዜማ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። ድሮ፣ እኔም እናንተም ሳንፈጠር፣ አንድ ንጉሥ ነበረ። የአገሩን ብቸኛ ምንጭ ለበቅሎዎቹ ብሎ አሳጠረው። አገሬው ጭቃ እያጠለለ ጠጣ። አቤት ሊል የሄደም እስር ቤት ገባ። ይብላኝ ለዚያ ዘመን ሰው!

በቤተ መንግሥቱ እህል የምትፈጭ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ከጭቃው ውሃ የተነሳ ታመመባት። ፈራች፣ ፈራች፤ በመጨረሻ ወፍጮዋ ላይ አጎንብሳ እንዲህ አለች፦

ምንጩ ታጠረ ለንጉሥ በቅሎ፣
ልጄ ታመመ ጭቃ ልሶ ውሎ።

ሌሎቹ ፈጪዎች ተቀበሏት። ንጉሡ ሰማና «ይህን የሚዘፍን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምላሱ ይቆረጥ!» ብሎ አወጀ።

በማግስቱ ይርገዱ አፏን ገጥማ ዜማውን ብቻ አንጎራጎረች። ግጥሙን የማያውቅ አልነበረም። ንጉሡ ያሰማራው ምላስ ቆራጭ ቢላውን ይዞ ከተፍ አለ።

«አፌ ዝግ ነው ጌታዬ፤ ምላሴ ምን አጠፋ?» አለችው።

ንጉሡም ይህ ሲነገረው «የሚያንጎራጉርም ይቆረጥ!» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ሁሉ ዝም አሉ። መጁ ግን በወፍጮው ላይ ሲሄድ ሲመለስ ያንኑ ዜማ መታ።

«ተይ ልጄ፣ ታስጨርሺናለሽ» አለቻት ይርገዱን አጠገቧ የምትፈጭ አሮጊት።

«እማማ፣ ልጄ እያለቀብኝ ነው።»

ቆራጩ ዳግመኛ መጣ።

«ድንጋዩ ነው ጌታዬ፤ እኔ ትንፍሽ አላልኩም» አለችው።

ንጉሡ ተናዶ መጆቹን ሁሉ ገደል አስጣለ። አገሩ ጭጭ አለ። ዱቄት ጠፋ፤ ለንጉሡም ቆሎ ቀረበለት። ሹማምንቱ ከበውት፣ ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ፣ እሱ ቆሎውን እየቆረጠመ በሐሳብ ሲዋልል፣ ሦስት ቀን ጆሮው ውስጥ የከረመው ነገር አመለጠው፦

«ምንጩ ታጠረ ለንጉሥ በቅሎ…»

ሹማምንቱ በድንጋጤ ደረቁ። ቆራጩ ቢላውን አየ፤ ንጉሡን አየ።

«ጃንሆይ፣ ማንም ይሁን ማን ብለው ነበር። ምን ላድርግ?»

ንጉሡ አፉን በእጁ ያዘ። ቆራጩ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«አዋጁ ተሽሯል!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ።

ይህን ጊዜ ይርገዱ ድምጿን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ገበያተኛው ተቀበለ፤ ወታደሩም ተቀበለ። እየዘፈኑ ሄደው አጥሩን ነቀሉት፤ የሚከለክል አልተገኘም። የይርገዱም ልጅ ንጹሕ ውሃ ጠጥቶ ዳነ።

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» የሚባለው።