ጉድጓዱን የደፈነው ሸማኔ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሸማኔ። ጥያቄሽን አልዘነጋሁም፣ ልጄ። ያ ሺህ ሰው የሚያሠራው የኮምፒውተር ኩባንያ ነይ ብሎሻል፤ ልግባ ወይስ ከጓደኞቼ ጋር የጀመርናትን ትንሿን ሥራ ይዤ ልቅር ነው ያልሽኝ። እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ሸማኔ ስሚው።

ሸማኔው ከጓሮው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን እዚያ ሰዶ፣ ጋቢም ነጠላም ይሠራ ነበር። ድሩን የሚያደራው እሱ፣ የሚሸምነው እሱ፣ ገበያ ወስዶ የሚከራከረው እሱ። ታናሽ እህቱ ትፈትልለታለች፤ ድር ሲያደራም ጫፉን ትይዝለታለች። አንድ ቀን ከንጉሡ የሽመና ቤት መልእክተኛ መጣና «እጅህ ተወርቶልሃል፤ ና» አለው። ሰውየው በደስታ የሚሆነውን አጣ። አካፋ አነሳና ጉድጓዱን ደፈነው፤ ደፍኖም ላዩ ላይ እየዘለለ ረገጠው።

«ምነው ወንድም ጋሼ፣ ምን በደለህ?» አለችው እህቱ።

«ከእንግዲህ ማን እዚህ ይገባል?» አላት እየሳቀ።

ቢስቅም አይፈረድበትም፤ የንጉሡ ሽመና ቤት ሲገባ ሌላ ዓለም ነበር። ከየአገሩ የመጡ ባለእጆች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ዓይቶት የማያውቀው ቀለም፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ ክር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር አለ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚያ ነው። እሱን ጥለት ላይ አስቀመጡት። በወር የተማረውን በመንደሩ ዕድሜ ልኩን አይማረውም ነበር። ጥለቱ ያለበት ሸማ አገር ላገር ይዞራል ሲባል በሰማ ቁጥር ልቡ ይዘላል። ጠዋት ጠዋት ሥራው እስኪጀመር ይቸኩላል።

ግን ጥለት ብቻ ነው። ድሩን ሌላ ያደራል፣ መሃሉን ሌላ ይሸምናል፤ ሸማው ሲወጣ የማን እጅ ነው ቢባል የንጉሡ ቤት ነው። እሱም ነገሬ አላለውም፤ ደስ ብሎታላ።

ዓመታት አለፉና እህቱ ታጨች። በዚያ አገር ሙሽራ ከቤት የምትወጣው ወንድሟ በእጁ የሸመነውን ኩታ ለብሳ ነው። የገበያ ኩታ ከለበሰች የሙሽራው ወገን «ወንድም የላትም እንዴ?» ይላል፤ ያ ወሬ እስክታረጅ ይከተላታል።

ፈቃድ ጠይቆ መጣ። እህቱ ፈትሏን አዘጋጅታ ጠበቀችው። ጉድጓዱ ሣር በቅሎበታል፤ እንደገና ቆፈረው። እስከዚህ ደህና ነበር፤ ድሩን ሊያደራ ሲል ግን እጁ ቆመ። ክሩ በየት በኩል እንደሚዞር ጠፋበት። ሞከረ፣ ተጠላለፈ። ደግሞ ሞከረ፣ ተበጠሰ። የንጉሡ ባለጥለት ጉድጓዱ ዳር ቁጭ አለና አፈረ። እህቴን በሠርጓ ቀን ላዋርዳት ነው ብሎ እንባው መጣ።

እህቱ ወጥታ አየችው። አልተቆጣችም። የተጠላለፈውን ፈታችና ጫፉን ያዘች።

«እኔ እዚህ ጋ ነበር የምቆመው» አለችው። «አንተ እዚያ ድሩ የሚዞርበት እንጨት ጋ ትሄድና በግራ ዞረህ ወደ እኔ ትመለስ ነበር። ና እስቲ።»

ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ጥቂት እንደተመላለሰ እግሩ አስታወሰ፤ ከዚያም እጁ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው። ድሩም ማጉም የእህቱ ፈትል፣ ጥለቱ የንጉሡ ቤት የሆነ ኩታ ተሠራ። ሙሽሪት ከደጅ ስትወጣ የሙሽራው ወገን ዘፈኑን አቋርጦ አያት። ይህ የማን እጅ ነው ሲሉ መንደሩ በሙሉ «የወንድሟ» አለ።

ከሠርጉ በኋላ ወደ ንጉሡ ቤት ተመለሰ፤ ያውም ደስ እያለው። ጉድጓዱን ግን በሳንቃ ከደነው እንጂ አልደፈነውም። በየበዓሉ እየመጣ አንድ ሸማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራበታል።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ኩባንያ የንጉሡ ቤት ነው። ስለሱ ስታወሪ ዓይንሽ ሲያበራ አያለሁ፤ ያብራ፤ እኔም በአንቺ ዕድሜ ብሆን ሮጬ ነበር የምገባው። ብቻችሁን ስትዳክሩ የማትደርሱበትን ያስተምሩሻል፤ የነካሽው ሥራም ረግጠሽው የማታውቂው አገር ይደርሳል። የሚያስቀምጡሽ ግን ጥለት ላይ ነው። የቀረውን ሌላ ይሠራዋል፣ ስምሽን የሚጠራው የለም፣ እጅሽም ሳይታወቅሽ ይረሳል። ስለዚህ እነዚያን ጓደኞችሽን ከእንግዲህ ማን እዚህ ይገባል ብለሽ ጥለሻቸው አትሂጂ። ነገ ጫፉን የሚይዙልሽ እነሱ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተገናኙ፤ ትንሽም ብትሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእናንተ የሆነች ነገር ሥሩ።

ግቢ፣ ልጄ። ጉድጓድሽን ግን እንዳትደፍኚው።