ሦስቱ ውሾችና የወሰኑ ድንጋይ

ተረት ልንገራችሁ፣ እናንተም ተቀበሉኝ። ምናልባት ተሳስቼ ይዤው ይሆናል፤ በተረቱ ያለው ቀበሮ ያነክስ የነበረው በቀኝ እግሩ ይሁን በግራው እርግጠኛ አይደለሁም። ማነከሱን ግን አልረሳሁም።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም እንስሳም ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ሦስት መንደሮች በአንድ የወሰን ድንጋይ ይገናኙ ነበር። ላይ ቤትን የሚጠብቀው ውሻ ደፋር፣ ማዶን የሚጠብቀው ቦራ፣ ታች ቤትን የሚጠብቀው መቻል ይባሉ ነበር።

ቀበሮ የመቻልን ጌታ አንድ ግልገል ወሰደ። ሁለተኛም ወሰደ። ጌታውም መቻልን ጠርቶ፣ "ሦስተኛ ከጠፋ ከዚህ ቤት ትወጣለህ" አለው።

መቻል ሁለቱንም ጊዜ እስከ ድንጋዩ አባሮ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ውሻ ግዛት ነዋ። ቀበሮውም ዞር ብሎ፣ "አቶ መቻል፣ እግርህ የሚሠራው እዚህ ድረስ ብቻ ነው?" ይለው ነበር።

ውሾቹ ያዩትን ሁሉ በሽንታቸው ሽታ ድንጋዩ ላይ ይተዉ ነበር። ደፋር መጥቶ ይሸናል። ቦራ መጥቶ፣ ሳያሸት፣ በላዩ ይሸናል። መቻልም መጥቶ፣ ሳያሸት፣ በላዩ ይሸናል። ሁሉም ድንጋዩ የኔ ነው እያለ ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት መቻል እግሩን ሊያነሳ ሲል ድንጋዩ ተናገረ።

"ቆይ እስቲ፣ ወንድሜ። ዕድሜ ልኬን ስትሸኑብኝ ዝም አልኩ። ዛሬ እንኳ አፍንጫህን አስቀድም።"

መቻል አፍሮ አሸተተ። ደፋር፣ ሌባዬ ያነክሳል፣ ከብት ውሃ ሲወርድ ይመጣል ብሎ ትቷል። ቦራ፣ ሌባዬ ያነክሳል፣ ጉድጓዱ ከቁልቋሉ ሥር ነው ብሎ ትቷል። የመቻልም ሌባ ያነክሳል። ሦስት የመሰላቸው ሌባ አንድ ነበር!

ጮኾ ጠራቸው። ደፋር ነገሩን ሲሰማ ተኮፈሰ።

"ደግሞ ሌባዬንም ልትቀማኝ ነው?"

"ዛሬ ግልገል ከጠፋ የምጠፋው እኔ ነኝ" አለ መቻል። ያኔ ሁለቱም ጆሯቸውን አቆሙ።

ከብቱ ውሃ ወረደ። ቀበሮው ሦስተኛውን ግልገል አንጠልጥሎ ወጣ። መቻል እስከ ድንጋዩ አባረረው። ቀበሮው ሊያርፍ ሲል ደፋር ከፊቱ ብቅ አለ፤ ደፋርም እስከ ማዶ ወሰን አባረረው። እያነከሰ፣ እያለከለከ ወደ ቁልቋሉ ሮጠ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቦራ ተቀምጧል።

ቀበሮው ግልገሉን ጣለ። "ቆይ፣ የተያዝኩት በማን ግዛት ነው?"

"በሦስታችንም" አለ ቦራ።

ግልገሉ እየጮኸ ወደ እናቱ ተመለሰ፤ መቻልም ከቤቱ አልወጣም። ያየኸውን ለጎረቤትህ ተውለት፤ እሱ የተወልህንም ሳታሸት አትለፍ።

የቀበሮውን እግር ነገር ይህን ካወራሁ በኋላ ተረቱን የነገረኝን አጎቴን ጠይቄ አረጋገጥኩ፤ የግራ የኋላ እግሩ ነው። የሰፈራችንንም ውሾች አንድ ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ቆጠርኩ። ከአሥራ አንዱ አሥራ አንዱም አስቀድመው አሸተቱ።