ወንበር ያመጣሁላት መሐንዲስ

አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን የምታስቀምጠው ሚዛኑ ጎን ነው። የቤት ሥራዋንም እዚያው ትሠራለች፣ ዱቄት እየበነነባት።

ይህች ልጅ የወፍጮውን ሞተር በድምፁ ታውቀው ነበር። ቺንጋው ሲላላ ከአባቷ ቀድማ ትሰማለች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ካቻቢቴ ይዛ የሞተሩን ክዳን ትፈታ ነበር። እህል ያመጡ እናቶች ይደነግጡና አባትየውን፣ አቶ ላምቤቦን፣ ይቺ ልጅ እጇን ታስበላለች ብለው ይቆጧቸዋል። እሳቸው ደግሞ ተዉአት፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ትጠነቀቃለች ይሏቸው ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን ብታጠና ይሻላል? ብዙ አትጨነቁ፣ እሷም እንደ እናንተ ነው ያሰበችው። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ገባች። ዘመድ ሁሉ ይከብድሻል አላት። ከእሷ ባነሰ ውጤት እዚያው የገባውን ያክስቷን ልጅ ግን ይከብድሃል ያለው ሰው አልነበረም።

ስሟ ብዙነሽ ይባላል። ስሟን የምጠራው አስፈቅጃት ነው።

እኔም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አዎ፣ መጋቢያችሁ ወደ አገልግሎት ከመግባቱ በፊት ሽቦ ሲቀጥል ነበር። መቶ አሥር ተማሪዎች ነበርን፤ ሴቶቹ አሥራ አራት ናቸው። የመጀመሪያው የላብራቶሪ ቀን ኃላፊው አምስት አምስት አድርጎ መደበን። ሴቶቹንም እስኪያልቁ ድረስ ለየቡድኑ አንዳንድ አደለ። "ሪፖርታችሁ እንዲያምር ነው" አለን። ሳቅን። ሴቶቹም ሳቁ። ሴት ያልደረሳቸው ቡድኖች እንዲያውም ቅር አላቸው፤ ታዲያ ለእኛ ማን ሊጽፍልን ነው ብለው።

ለእኛ ቡድን የደረሰችው ብዙነሽ ናት። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሞተር፣ ሽቦና የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ተቀምጧል። ብዙነሽ ቴስተሩን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። አጠገቧ የቆመ አንድ ልጅ ቀደማትና አነሳው። ከዚያም ከኪሱ እስክርቢቶ አውጥቶ ሰጣት።

"ብዙዬ፣ ያንቺ ጽሕፈት ያምራል። አንቺ ጻፊ፣ እኛ እንሠራለን።"

ያ ልጅ እኔ ነኝ።

በክፋት አልነበረም፣ ወገኖቼ። እንዲያውም ቆማ ስትጽፍ አሳዝናኝ ከሌላ ክፍል ወንበር ፈልጌ አመጣሁላት። እኛ አራታችን ቆመን፣ እሷ ተቀምጣ። እንዳከበርናት ነበር የቆጠርነው።

በሁለተኛው ሳምንት ማንም ምንም አላለም፤ ወንበሩ ቦታው ነበር፣ እሷም ተቀመጠች። በሦስተኛውም እንደዚያው። እንዲህ እያልን ዓመታቱ አለፉ። ከአሥራ አራቱ ሴቶች ከእኛ ጋር የተመረቁት ስድስት ብቻ ናቸው። የቀሩት አንድ በአንድ ሌላ ትምህርት ክፍል ተዛወሩ። ከብዷቸው ነው ተባለ። ምኑ ነው የከበዳቸው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

ብዙነሽ ግን ጸናች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱ ስለተቋረጠበት ሞተር የጻፈችውን ሪፖርት መምህሩ ለክፍሉ ሁሉ አሳየው። የቡድናችን ማርክ አንደኛ ሆነ። እኛ ፈታን፣ ለካን፣ ገጠምን፤ እሷ ጻፈች። ከሁላችን የተሻለ ውጤት ይዛም ተመረቀች።

ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው። ቤቷ በገባች በሦስተኛው ቀን ወፍጮው ቆመ። ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። እናቶች በቆሎና ስንዴአቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። አቶ ላምቤቦ ግን ፊታቸው በደስታ በርቷል። ይህን ቀን አምስት ዓመት ጠብቀውታል። እናቶቹን አይዟችሁ፣ መሐንዲሷ ቤት ናት አሏቸውና ከካፖርታቸው ኪስ ቴስተራቸውን አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት።

ልጅቷ ቴስተሩን ይዛ ቆመች። ብልሽቱን ታውቀዋለች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሪፖርት የጻፈችበት ነው። የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ፣ ሥዕሉን በስንት መስመር እንደሳለችው ሁሉ ታስታውሳለች። ወደ ሞተሩ ግን አልተጠጋችም። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሳትፈራ የምትከፍተውን ሞተር በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በዲግሪዋ፣ ፈራችው።

"አባዬ፣ እኔ ጻፍኩ እንጂ አልነካሁም" አለች።

አንዲት እናት አዝነውላት፣ ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ከሆሳዕና ባለሙያ ይጠራል አሏት። ሊያጽናኗት ነው፤ ይህ ግን ከሁሉም ይልቅ አቆሰላት። ባለሙያዋ እሷ ነበረቻ!

አቶ ላምቤቦ ፊታቸውን አዞሩ። ያፈሩ መስሏት አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ሄደው ዋናውን ማብሪያ አጠፉና ባትሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከሞተሩ አጠገብ ተንበረከኩ። ባትሪውን አበሩ።

"መስመሩን አጥፍቼዋለሁ። ቴስተሩን ይዘሽ መጥፋቱን አረጋግጪ፤ ከዚያ ክዳኑን ፍቺ። ድሮ ስትፈቺው አልነበር?"

ፈታችው። ቡሎን ከእጇ ወደቀ፤ አላነሱላትም። ተሳሳተች፤ አልነጠቋትም። ብርሃኑን እጇ ወደሄደበት እያዞሩ ብቻ ጠበቁ። ሰዓቱ ሄደ፣ እናቶቹ ማንጎራጎር ጀመሩ፣ እሳቸው አልተነሡም። ከሰዓት በኋላ በሞተሩ ማብሪያ ውስጥ የተቃጠለውን ሽቦ አገኘችውና ቀየረችው። ወፍጮው ዞረ።

አቶ ላምቤቦ ብልሽቱን ገና ድምፁን ሲሰሙ ያወቁት ይመስለኛል። ሃያ ዓመት የሠሩበት ሞተር ነው። ቢፈልጉ በአሥር ደቂቃ ይጨርሱት ነበር።

በዚያው ሳምንት ብዙነሽ ደወለችልኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። መጨረሻ ላይ ግን ሳቋን አቆመችና እንዲህ አለችኝ፦ "አንተ ወንበር አመጣህልኝ። አባቴ ባትሪ አበራልኝ።"

እኔ ስለ ብዙ ኃጢአት ንስሐ ገብቻለሁ። ስለዚህ ግን ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ጨዋነት ይመስለኝ ነበርና። መክሊቷን የቀበረችው እሷ አይደለችም። እኛ ነን፤ እያከበርናት፣ ጽሕፈቷን እያደነቅን። አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣን።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። ባለፈው እሑድ መዝሙር መሃል ድምፁ ተቋረጠ፤ ታስታውሳላችሁ? አራት ወንድሞች ተሯሩጠው መድረኩ ሥር ገቡ። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አንዱ የጫማ ነጋዴ። ሁለቱን ተዉአቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ስለ ሽቦ ከእነዚህ አይበልጡም። ከመዘምራኑ መሃል ሐሴት ነበረች። ሐሴት ኤሌክትሮኒክስ ሦስተኛ ዓመት እንደሆነች የማያውቅ አለ? ሁላችን እናውቃለን። ሐሴት ምን ስታደርግ ነበር? ጎንበስ ብላ በስልኳ ታበራላቸው ነበር። እኔም እዚህ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ታሪክ በኋላ፣ አሁንም ዝም አልኩ። ይህን ስብከት ያሰናዳሁት ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ስላዘንኩ ነው።

አባቶች፣ እናቶች፣ ልጆቻችሁ በዚህ ወር የትምህርት ክፍል ይመርጣሉ። "ይከብድሻል" ከማለታችሁ በፊት ለወንድሟስ ይህን ብላችሁት ታውቁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ተማሪ ወንድሞቼ፣ ነገ ላብራቶሪ ስትገቡ ቴስተሩ በማን እጅ ነው? ሪፖርቱንስ ዘንድሮ ማን ይጽፋል? ጽሕፈታችሁ ባያምርም ጻፉ፤ መምህሩ ይቻለዋል። እናንተ እህቶቼ፣ ወንበር ሲመጣላችሁ አመስግኑና ቆማችሁ ሥሩ።

ድምፅ ማጉያው ዛሬም እንደሚያንጎራጉር ትሰማላችሁ። ያ የእሑዱ ጥገና ነው። ሐሴት፣ ስንጨርስ መስመሩን እናጠፋና አንቺ ትከፍቺዋለሽ። ቸኩሎ ቤቱ የሚሄድ ይሂድ፣ መጠበቅ የሚፈልግ ይጠብቅ።

ባትሪውን እኔ እይዝልሻለሁ።