መርዶ ያረዳው ተማሪ

ፍቅርተ የምትባል የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ «መምህር፣ ዜናው እውነት መሆኑን ከሁለት ወገን አረጋግጫለሁ። ታዲያ የሟቹን ስም በሬዲዮ እንዳላነብ ለምን ይከለክሉኛል?» ብላ ብትጠይቅ፣ መምህሯ ወንበር ሳቡላትና እንዲህ አሏት።

አንድ ተማሪ ነበረ፤ ያንቺው ዓይነት፣ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው የማያርፍ። ክፍል ውስጥ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ያወጣል፤ መልሱ ሳያልቅ ሌላ ይጠይቃል። ለልምምድ ወደ አንድ ትንሽ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ቢልኩት፣ የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ አንባቢ አደረጉት። አንጀቱ አረረ። የክፍል ጓደኞቹ ስማቸው በአየር ላይ ሲጠራ፣ እሱ ስለ ሽንኩርት ሲያወራ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። አንድ ዜና፣ አንድ ብቻ፣ በራሱ ስም እንዲወጣለት ተመኘ፤ ሲመኝም እንቅልፍ አጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ድንጋይ የጫነ መኪና ከከተማው በታች ካለው ድልድይ ላይ ወደቀ። ሾፌሩ ሞተ። ተማሪው ማንም ጋዜጠኛ ሳይቀድመው ደረሰ። የሟቹን ስም ከትራፊክ ፖሊሱ ሰማ፤ ሆስፒታል ሮጦ ደግሞ አረጋገጠ። እንደተማረው አሳምሮ ሠርቷል፣ ይህን አልነፍገውም። የቀረው የሟቹ ዕድሜ ነበር። የቀትር ዜና ሊደርስ ነው። ዕድሜውንማ እናቱ ታውቃለች ብሎ፣ ቤቷን እያጠያየቀ በረረ።

ከቤቷ አጠገብ፣ በጎረቤት ግቢ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም። አንደኛው እጃቸውን አንሥተው፣ «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው?» አሉት።

«መጣሁ አባባ፣ ቸኩዬ ነው!» ብሎ አለፋቸው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠፍቶት አይደለም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ እንደሆነ እሱም በእናቱ ቤት አይቶታል። ችኮላ ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

እናትየዋ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። ደህና ቤት ያደገ ልጅ ነውና ዘሎ ዕድሜ አልጠየቀም። ቆቡን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ማን ሞቶብኝ ነው፣ ልጄ?»

ተማሪው መልሱን ያውቀዋል። ከሁለት ወገን አረጋግጧል። ዓይኑን መሬት ላይ ሲተክል ግን እሷ ገባት። ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ። ተነሥታ ጮኸች፣ የሚይዛትም ሳይኖር ወደቀች። ሽማግሌዎቹ ሮጠው ሲደርሱ ግንባሯ ደምቷል።

«ታናሽ ወንድሙ ከገጠር እስኪደርስ ነበር የምንጠብቀው» አሉ እኚያ ሽማግሌ። ከዚህ በላይ አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም። የቀትሩም ዜና የሟቹ ስም ሳይነሣበት አለፈ፤ ከተማው ምንም አልጎደለበትም።

እንግዲህ ፍቅርተ፣ ያ ተማሪ አንቺ ነሽ። እናትየዋም ሬዲዮዋን ከፍታ ሥራዋን የምትሠራ አድማጭሽ ናት። ሽማግሌዎቹ እውነቱን አልደበቁም፤ ሊነግሯት ነው የተቀመጡት፤ የሚይዛት ሰው እስኪመጣ ግን ታገሡ። አንቺ እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፣ ጎበዝ። ገና ያልሰማው ማን ነው ብለሽስ? በቋንቋችን «ተረዳ» ማለት አወቀ ማለትም ነው፣ መርዶ ሰማ ማለትም ነው። አንቺ ያወቅሽው የሟችሽ እናት ሳትረዳ ሊሆን ይችላል። የሬዲዮ ድምፅ ደግሞ እጅ የለውም፣ የሚወድቅን ሰው አይዝም። በይ ተነሺ፤ ቤተሰቡ ተረድቶ እንደሆነ ጠይቂ። ከተረዳ፣ ስሙን ራስሽ ታነቢዋለሽ።