ከአጥሩ የወጣው ድንጋይ

አንድ ሰውዬ ቅዳሜ ጠዋት ከገዛ ግቢው አጥር ድንጋይ ይመርጣል። አንዱን ያነሣል፣ ይመዝነዋል፣ ይመልሰዋል። ሌላውን ያነሣል። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችውና፣ «ሰውዬ፣ ወገብህን እወቅ እንጂ! ትንሽ ብትይዝስ ማን ይለካብሃል?» አለችው።

ለምን ይመስላችኋል ድንጋይ የሚመርጠው? ይቅርታ ሊጠይቅበት ነው። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ አይደል? በደለኛ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል። ድንጋዩን ራሱ አያወርደውም። «ይቅር ብያለሁ» ብሎ የሚያወርድለት ተበዳይ ነው። ካላወረደለትስ? ካላወረደለትማ ተሸክሞ እንደ መጣ ተሸክሞ ይመለሳል፤ አገር እያየው!

ሰውዬው ግዛቸው ይባላል። ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው። አያቱ ጠመንጃ የነበረው ሰው ነበር። ያን ጊዜ «ቀይ ነን» የሚሉ ሰዎች፣ «ጥቁር» ያሏቸውን ሰዎች እንደ አውሬ ያድኑ ነበር። አያትየው ከቆላው መንደር ሁለት እኅትማማች ልጆች ማርኮ አመጣ። ታናሺቱን ገበያ አውጥቶ ሸጣት፤ የት እንደ ደረሰች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታላቂቱን ለቤቱ አስቀራት። ከወንዝ ድንጋይ በጀርባቸው እያመላለሱ ያንን አጥር ከሠሩት አንዷ እሷ ናት።

የታላቂቱ የልጅ ልጅ፣ እማማ አሰለፈች፣ ከኮረብታው ሥር ይኖራሉ። ከግዛቸው ጋር የሚያመልኩት በአንድ የጸሎት ቤት ነው፤ እሱ ከፊት ወንበር፣ እሳቸው ከኋላ። ሰላም ይባባላሉ። ለቅሶ ይደራረሳሉ። ነገር ግን የላይ ሰዎች ከታች ሰዎች ቤት ውኃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። የሚከለክል ሕግ አለ? የለም። ብቻ ጥም ቢያቃጥላቸውም «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ሁልጊዜ ጠጥተው ነው የሚመጡት! ሁልጊዜ በልተው ነው የሚመጡት!

በዚያ ሰሞን እማማ አሰለፈች በጠና ታመው ከሞት ተርፈው ነበር። ግዛቸው ፍርሃት ያዘው። «እሳቸው ከሞቱ ይህን ሸክም ማን ያወርድልኛል?» አለ። ለዚህ ነው ያን ጠዋት ሚስቱን ያልሰማት። ትልቁን አነሣ።

ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ገበያተኛው ቆሞ ያየዋል። ከእማማ አሰለፈች ደጅ ሲደርስ ተንበረከከ።

«እማማ፣ አያቴ በአያትዎና በእኅታቸው ላይ ያደረገውን ዐውቃለሁ። እኛም በዚያው ኮርተን ኖርን። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

ዕድሜውን ሙሉ «አንቺ» ሲላቸው የኖረ ሰው!

እማማ ከደጃፋቸው ቆመው አዩት። ድንጋዩ የግዛቸውን ማጅራት እየበላው ነው። በመጨረሻ፣ «የተሸጠችው እኔ አይደለሁም፤ በእሷ ፈንታ ይቅር ልል አልችልም። የእሷን ለእግዚአብሔር እተዋለሁ» አሉ። ግዛቸው ድንጋዩን ተሸክሞ የሚመለስ መሰለው። «የራሴን ግን ዐውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ በቤታችሁ ሠርግ ቀን፣ ዕቃችሁን እንዳልነካ ተብሎ ከአጥሩ ውጭ በኮባ ቅጠል የበላሁት እኔ ነኝ። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ።»

ድንጋዩንም በሁለት እጃቸው አወረዱለት። ሽማግሌዎቹ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ግዛቸው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እማማ ድንጋዩን አገላብጠው አዩት። «ከአጥሩ ነው?»

«ከአጥሩ ነው፣ እማማ።»

«አያቴ ሽቅብ ያወጣችውን አንተ ቁልቁል አመጣኸው በለኛ!» ብለው ሳቁ። «በል ግቡ። ከጉልቻዬ አንዱ ተሰብሮ ድስቴ ዘሞብኛል፤ ጥሩ ጊዜ መጣህልኝ።»

ድንጋዩን ከሁለቱ ጉልቻዎች ጋር ተከሉት፣ ድስቱን ጣዱበት፣ ጎደሬ ቀቀሉ። ሲበስል ልጠው፣ የቃሪያ ዳጣ ጨምረው አቀረቡ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሰደዱ። ግዛቸውስ? ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ እንባው ገና አልደረቀም። አፉን ከፈተና ምን አለ መሰላችሁ?

«አይ እማማ፣ እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት።»

ግዛቸው ራሱ ደነገጠ። እውነቱን ነው? ጠዋት እህል በአፉ አልዞረም! እናቱ ያስለመደችው፣ እናቷ ያስለመደቻት ቃል ነው ያመለጠው።

እማማ አሰለፈች አልተቆጡም። ብድግ ብለው ድስቱን አወረዱ፤ እሳቱንም በእንጨት ይገፉ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እማማ?»

«ድንጋይህን ላወጣልህ ነዋ። ሲበርድ ትሸከመዋለህ።»

ግዛቸው አንገቱን ደፋ። አሁን ያፈረው፣ ድንጋይ ተሸክሞ በገበያ መሐል ሲያልፍ ካፈረው ይበልጥ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ዋሸሁ፣ እማማ። ርቦኛል» አለ። «በጣም ርቦኛል።»

«እንግዲያው ብላ፣ ልጄ።» ትኩሱን ከድስቱ አውጥተው፣ ልጠው አጎረሱት። አፉን አቃጠለው፤ ግን ዋጠው። ይጨመርልኝም አለ። ሲሄድ ደግሞ በቅጠል ጠቅልለው፣ «ይህን ለሚስትህ። እሷም በልታ እንዳትመጣ ንገራት!» አሉት። ያን ዳገት ባዶ ማጅራቱን ይዞ፣ ትኩስ ጎደሬ በእጁ ይዞ፣ ብቻውን እየሳቀ ወጣ።

ወገኖቼ፣ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ። ግን እናንተስ?

ድንጋይ ያወረዳችሁ እዚህ ብዙ ናችሁ። «አባቶቻችን በድለው ነበር፣ ይቅር ተባብለናል፣ አለቀ» ትላላችሁ። ደግ! እንግዲያው ልጠይቃችሁ፤ በማን ቤት ነው ሁልጊዜ በልታችሁ የምትገኙት? የማን ልጅ እጅ የነካውን ነው «ጠግቤያለሁ» የምትሉት? ሆዳችሁ ያውቃል። ሆድ አይዋሽም፤ የሚዋሸው አፍ ነው።

እናንተ ደግሞ የእማማ አሰለፈች ወገኖች፣ በደልን የወረሳችሁ፣ እሳቸው በደሉን ትንሽ ነው አላሉም፤ የማይችሉትን ለእግዚአብሔር ትተው የሚችሉትን አወረዱ። ድንጋዩንም አልጣሉት። ጣዱበት። በእናንተ እጅ ያለው ድንጋይ ምን እየሠራ ነው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ያንን ደጅ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን እኔ አልጠራም። አንኳኩ። «ግቡ» ሲሏችሁ ግቡ። ሲያቀርቡላችሁም ያችን የድሮ ቃል ዋጧት።

ርቧችሁ ሂዱ።