ግድግዳው የጠፋባቸው እናት

አንድ መኳንንት የሚባል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንግሥት ዕቃ ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታ፤ ዓይኑ ግን አላረፈም። የተጣለ ነገር አይቶ ማለፍ አልሆንልህ አለው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ከፈረሰ ቤት የተነቀለ መስኮት፣ የዛገ የአልጋ ብረት፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ ድምፅ የማያወጣ ሬዲዮ፣ በሲባጎ የታሰረ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሁሉንም እየተሸከመ ወደ ቤቱ ያስገባል። ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው።

«ነገ ይጠቅማል።»

አይፈረድበትም፤ በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው። አባቱ የሞተው እሱ ጡት ሳይጥል ነበር። እናቱ እማማ ጠጅቱ የሰው ልብስ እያጠቡ ብቻቸውን አሳደጉት። አንድ ክረምት የሚለብሰው ጠፍቶ ጆንያ ለብሶ እንደከረመ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ስለዚህ ዕቃ ሲጣል ባየ ቁጥር ሮጦ ያነሳዋል።

ሚስቱ የሻረግ መጀመሪያ ላይ ትስቅበት ነበር። ሳሎኑ ሲሞላ ተቆጣች።

«ይሄ ቤት ነው መጋዘን?» አለችው አንድ ቀን። «እንግዳ መጥቶ የት ይቀመጥ?»

«ዕቃ አፍ የለው፣ ምግብ አይጠይቅ! ምን አደረገሽ?» አላት።

ቁጣውም አላዋጣ ሲላት ተወችው። ሰው ቤቷ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆማ ማነጋገር ለመደች። ቤቱ ውስጥ የቀረው መተላለፊያ ሰው በጎኑ ሆኖ የሚሾልክበት ብቻ ነበር። የሁለቱም ዓይን ግን ለምዶት ስለነበር አይታያቸውም።

እማማ ጠጅቱ የሚኖሩት ከእነሱ ጋር፣ በቤቱ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት አልፎታል። ቀደም ሲል በየጠዋቱ ብቻቸውን ወጥተው በረንዳው ላይ ይቀመጡ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ከክፍላቸው መውጣት ተዉ። መኳንንት እርጅና ነው ብሎ አዘነ። ምግባቸውን ራሱ እየወሰደ ያበላቸዋል፣ እግራቸውን ያጥባል፣ ምርቃታቸውን ይቀበላል። ሰፈሩ ሁሉ «እናቱን የጦረ» እያለ ያመሰግነዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሻረግ ገበያ ሄዳ ነበር። መኳንንት ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ያነሳውን የዘይት ቆርቆሮ ዝገት ሲፍቅ፣ ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ጓ! አለ። ያንን ተከትሎ ሌላ ወደቀ። ከዚያ ናዳ የወረደ ይመስል ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

ቆርቆሮውን ጥሎ ሮጠ። ሳሎኑን በጎኑ ሾልኮ ኮሪደሩ አፍ ላይ ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ። ግድግዳውን ተደግፈው የነበሩት የአልጋ ብረቶች፣ በሮችና መስኮቶች፣ በላያቸው የተቆለሉት ሳጥኖችም አብረው ተንደው ኮሪደሩን ከወለል እስከ ጣሪያ ዘግተውታል። የእናቱ ክፍል በር ከዚያ ወዲያ ነው።

«እማዬ! እማዬ!»

«አለሁ ልጄ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከክምሩ ሥር መጣ። «እግሬን ያዘኝ።»

መኳንንት አንዱን ብረት ሲስብ ሁለት ሳጥን ወረደበት። ሳጥኑን ሲያነሳ መስኮቱ ተንሸራቶ ተሰበረ። ያነሳውን ደግሞ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለም፤ ከኋላው ያለውም ሙሉ ነው። ላቡ እየተንጠባጠበ እንደገና ተጣራ።

«እማዬ?»

መልስ የለም።

ወደ ደጅ ወጥቶ «ኡ ኡ! የሰው ያለህ! እናቴን!» ብሎ ጮኸ።

ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ቀድሞ የደረሰው አናጢው ላቀው ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ድንጋይ ተገትሮ ቀረ። ለስንት ዓመት ደጅ ለደጅ ሲኖሩ ውስጡን አይቶት አያውቅም።

«ጋሽ መኳንንት» አለ ወደ ውስጥ እያጮለቀ፣ «በየት በኩል ነው የሚገባው?»

መኳንንት የገዛ ቤቱን መግቢያ ለሰው ማሳየት አቃተው።

አሥራ አምስት ጉልበተኛ ሰው መጥቶ አንድ በአንድ ብቻ ነው መግባት የቻለው። በመጨረሻ ከደጁ እስከ ኮሪደሩ ተሰልፈው ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ግቢ ውስጥ መጣል ጀመሩ። መኳንንት ከሁሉም ፊት ሆኖ ይወረውራል። የሚሳሳላቸውን ሬዲዮኖች ወረወረ፤ በመጥረጊያ እንኳ እንዳይነኩበት ይከላከልላቸው የነበሩትን ሳጥኖች በእርግጫ ሰበረ። እናቱ ድምፅ ካጡ ቆይተዋል። አንድ ሰው ወንዝ ወርዶ ውኃ ቀድቶ የሚመለስበትን ያህል ጊዜ ፈጀ፤ ለእሱ ግን ከሠላሳ ሁለቱ የሥራ ዓመታት ይረዝም ነበር።

የመጨረሻው በር ሲነሳ እማማ ጠጅቱ ታዩ። ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል፣ አንድ እግራቸው በአልጋ ብረት ተይዟል፣ ነጠላቸው አቧራ ጠጥቷል። ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ግን ይተነፍሳሉ። ላቀው በሁለት እጁ አቅፎ አወጣቸውና ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስተኟቸው። ውኃ ሲረጩባቸው ነቁ።

ከጤና ጣቢያ የተጠራችው ሲስተር ምንትዋብ እግራቸውን ዳሰሰች።

«እግዜር ይመስገን፣ አጥንት አልተሰበረም» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። እግራቸው ሥጋ የሚባል አልነበረውም። «እማማ፣ ከተራመዱ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ቆየሁ ልጄ።»

«ያምዎት ነበር?»

«ኧረ ምንም አያመኝም ነበር» አሉ እማማ ጠጅቱ። «ግድግዳው ነው የጠፋብኝ።»

ሰው ሁሉ ጠጋ አለ። ዕድሜያቸው ያዘባረቃቸው የመሰላቸውም ነበሩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ መንገዴ ግድግዳው ነበር። በእጄ እየዳበስኩ ደጅ ድረስ እወጣ ነበር። አንድ ቀን ብዘረጋ ሳጥን ሆነ። ሌላ ቀን ብዘረጋ ብረት ሆነ። ቆይቶ ግድግዳው ጨርሶ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ወድቄ ተነሳሁና ተውኩት። ዛሬ ደግሞ ልቤ ደጅ ደጅ አለኝና እስቲ ልሞክር ብዬ ነው።»

መኳንንት አጠገባቸው በጉልበቱ ወደቀ።

«እማዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አሉት ጭንቅላቱን እየዳበሱ። «ጆንያ አልብሼ ያሳደግሁህ እኔ አይደለሁም? ዛሬ ሞላልኝ ብለህ ደስ ሲልህ፣ በየትኛው አፌ ተው ልበልህ?»

ይህን ሲሰማ የደነገጠው ድንጋጤ ጠዋት ክምሩ ሲናድ ከደነገጠው ይበልጥ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ «እናቱን የጦረ» ሲባል አሜን እያለ ተቀብሏል።

ቀና ሲል ዕቃውን አየው። ቤት ውስጥ እያለ ሀብት ይመስለው የነበረው ነገር ፀሐይ ሲመታው ሌላ ሆነ። ጋዜጣው ምስጥ በልቶት አፈር ሆኗል። ከወንበሮቹ ውስጥ አይጦች እየዘለሉ ይበተናሉ። ሰው እርስ በርሱ እየተያየ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» ይላል። ከተሰባበረው ሳጥን አንዱ ውስጥ ነጭ ነገር አየና ጎትቶ አወጣው። ጋቢ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለእናቱ የገዛው፣ «ለበዓል እሰጣታለሁ» ብሎ ያስቀመጠው፣ ከዚያ የት እንዳደረሰው የጠፋው ጋቢ። ሲዘረጋው እጁ ላይ ተበጣጠሰ፤ ብል ጨርሶታል። ስድስት ክረምት እናቱን ብርድ ሲመታቸው፣ ጋቢያቸው ከክፍላቸው አሥር እርምጃ ርቆ ሲበላ ኖሯል።

የሻረግ ከገበያ ስትመለስ ግቢው ሙሉ ሰው ሆኖ ስታይ ለቅሶ መስሏት ዘንቢሏን ለቀቀችው። መኳንንት ተነስቶ እጇን ያዛት።

«እናቴ ደህና ናት» አላት። «እኔ ግን ልገድላት ምንም አልቀረኝ። የሚጣለውን አንቺ ምረጪልኝ፤ እኔ እጄ አይታመንም።»

«እኔ አልመርጥልህም» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ራስህ ያስገባኸውን ራስህ አስወጣው። እኔ አብሬህ እቆማለሁ።»

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። መኳንንት እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ እያነሳ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «ዛሬ ይሠራልኛል? የሰው መንገድ ሳይዘጋ የሚቀመጥበት ቦታ አለው?» ለሁለቱም አዎ ያላለውን አወጣው። በርና መስኮቱን ላቀው ወስዶ ለሌላ ቤት ጠገነው። ብረታ ብረቱን ቆራሌው በጋሪ ጭኖ ሄደ። ቀሪው ተቃጠለ። ቀላል አልነበረም። አንዳንዱን ዕቃ ሰጥቶ ሲያበቃ ተመልሶ ይቀበላል፤ የሻረግ ትኩር ብላ ታየዋለች፤ አፍሮ እንደገና ይሰጣል።

ቤት ውስጥ የቀረው ዕቃም ቦታ ቦታውን ያዘ። ድስት ከድስት፣ ልብስ ከልብስ ጋር ሆነ። ግድግዳው ታጥቦ ኖራ ተቀባ። በአራተኛው ቀን የሻረግ ሳሎኑ መሐል ቆማ ዙሪያዋን አየችና «ቤቱ እኮ ሰፊ ነበር!» አለች። በዚያ ቤት ኩርፊያው ቀረ። ጎረቤትም ደጃፍ ላይ መቆሙን ትቶ መግባት ጀመረ።

እማማ ጠጅቱ እግራቸው እስኪጠና አንድ ወር ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ሊደግፋቸው ሲመጣ «ተወኝ፣ መንገዴን አውቀዋለሁ» ይሉት ነበር።

መኳንንት ግን ያን ቅዳሜ አልረሳም። ሰዎች ቤቱን አይተው ሲያደንቁለት እንዲህ ይላቸዋል፦ «እናቴን አራት ዓመት ያሰርኳት እኔ ነኝ። ሰንሰለት አልነበረኝም፤ ቁልፍም አልነበረኝም። ዕቃ ብቻ ነው የነበረኝ።»

ወዳጆቼ፣ ዕቃ መሬት ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ የሰው ቦታ ላይ ይቀመጣል። «ነገ ይጠቅማል» ብለን የምናከማቸው ነገር፣ ዛሬ አብሮን ያለውን ሰው መተላለፊያ ይነሳዋል። የሚወዱን ሰዎች ደግሞ ደስታችንን ላለመንካት ሲሉ ጠበበን አይሉንም፤ ዝም ብለው ወደ ጥግ ያፈገፍጋሉ። ዝምታቸውንም እኛ እርጅና፣ ኩርፊያ ወይም ጠባይ እንለዋለን።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ተነስታችሁ ቤታችሁን አንድ ጊዜ ተመልከቱ። እስቲ፣ በእናንተ ቤት ግድግዳው የጠፋበት ማነው?